ሸምበቆውና የጠጅ ቤቱ ድርሻ

ባለቤቴ ወንዝ ማንበብ ያውቅ ነበር። ይህን የምለው ዛሬ በሕይወት ስለሌለ ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ በሌላ በሌላው ብዙ የምለው አለኝ፣ እለዋለሁም። በወንዝ ግን ማንም አይደርስበትም። ክረምት ላይ ጨሞጋ ሲሞላ የአካባቢያችን ሰው መሻገሪያው፣ መልካው ዳር ቆሞ እሱን ይጠብቃል። እሱም ቀስ ብሎ ይመጣና ውሃው ዳር በትር ተክሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሽምብራ ቆሎውን ይቆረጥማል። ሰው የውሃውን ከፍታ እያየ ይፈራል፤ እሱ ግን ዓይኑ ከበትሩ ላይ አይነሣም። ውሃው ቅድም ካየው ምን ያህል ጨመረ? ጭማሪው ራሱስ እያደገ ነው ወይስ እየደከመ? ውሃው ገና ጉልበት ሳይደርስ ጭማሪው ከፈጠነ፣ «ወደ ቤታችሁ» ይላል። ወገብ ደርሶም ጭማሪው ከደከመ ቆሎውን ቋጥሮ ይነሣል። ተሳስቶ ሰው አስበልቶ አያውቅም።

የማወራው ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት፣ ከከተማው ወጣ ሲባል ግን አገሩ የአርበኛ በነበረበት ዘመን ነው። ያን ዘመን አንሥቼ «ደስ ይለኝ ነበር» ስል ልጆቼ ያኮርፉኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ ጎጆ ወጥቼ፣ የራሴን በር ራሴ የምዘጋ ራሴ የምከፍት ሆኜ ነበር። አማቴ ቤት ሳለሁ ባለቤቴን «እርስዎ» ነበር የምለው። በራሴ ጎጆ «አንተ» ማለት ጀመርኩ፤ ሲጠራም ሲሰደብም ቀለለኝ። ፍርሃቱ መቼ ጠፋ፣ ነበረ። ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈራ አይውልም፤ ጌሾ ይተክላል፣ አጥር ያጥራል፣ ከባሉ ጋር ይነታረካል።

ጥንድ በሬ ነበረን። አንዱን የሱ አባት፣ አንዱን የኔ አባት ለሠርጋችን የሰጡን ናቸው። የኔው በሬ ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረው ቦራ እንለዋለን። ጥንድ ያለው ሰው በፈለገበት ቀን ጠምዶ ያርሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ግን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጀት አለበት፤ ያኛው የራሱን አርሶ እስኪጨርስ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። አባቴ ይህን ሲያይ ያደገ ሰው ነው። ቦራን ሲሰጠኝ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ተራ አትጠብቂም» ብሎኛል።

ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር አንድ ጠጅ ቤት ነበረ። ባለ ጠጅ ቤቷ ጠና ያለች፣ ሰውን ገና ከበር ሳይገባ በዓይኗ የምትመዝን ሴት ናት። ጠጇ ጥሩ ነው፤ ሰው የሚጎርፈው ግን ለጠጁ ብቻ አልነበረም። አንድ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ነበራት። ሳምንቱን ሙሉ ከሉማሜ ቁይ፣ ከቁይ ደብረ ወርቅ ሲዞር ሰንብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጅ ቤቱ ይገባል። ጨው የት እንደተወደደ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የማን ልጅ ዱር እንደገባ፣ የትኛው ደብር ታቦቱን እንዳሸሸ ከሱ ነበር የሚሰማው። የማይታመን ሰው ብቅ ካለ ወዲያው ስለ ፍቅር መዝፈን ይጀምራል፤ ሰዉም ያጨበጭብለታል።

ጣልያኖቹም የራሳቸው ወሬ ነበራቸው። አደባባዩ ላይ ግንድ ተክለው፣ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ጠዋትና ማታ ያስጮሁታል። እንደ ማጉያው ከሆነ ሁልጊዜ እነሱ አሸንፈዋል፣ ሁልጊዜ ሽፍታው አልቋል። ያለቀው ሽፍታ በሳምንቱ እንደገና ያልቃል። ከሥሩ ፍየሎች ጥላ ይዘው ሲያመሰኩ አይ ነበር፤ ሌላ ሰሚ ግን አላየሁም።

አንድ ጥር ላይ ማር ተወደደና ባለ ጠጅ ቤቷ ሸሪክ ፈለገች። ከብት ወይም ማር ያስገባ ሰው የቤቱ ድርሻ ይኖረዋል፤ መስቀል ሲሆን ትርፉን ከሌሎቹ ሸሪኮች ጋር ይካፈላል። ባለቤቴ ይህን ከገበያ ሰምቶ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ቦራን እናስገባው» አለኝ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«የኔን በሬ?»

«ሁለታችንም አንድ አይደለን?»

«ከሆነማ ያንተን በሬ አስገባ።»

«የኔማ አርጅቷል፤ ለሱ ድርሻ አትሰጥም።»

ይኸው እንግዲህ የወንድ ነገር። አንድ የምንሆነው ቦራ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። በአንድ ነገር ግን ላመሰግነው ይገባል፤ ያልለካው ውሃ ውስጥ አይገባም። ቤቱን እንደ ወንዝ ልለካው ነው ብሎ ተነሣ። ሴትዮዋ ትልቁን ጋኗን ቅዳሜ ማታ አፉ ድረስ ሞልታ ትከድነዋለች፤ በሳምንቱ እንደገና ትሞላዋለች። ባለቤቴ ከመሞላቱ በፊት ይደርስና ረጅም ሸምበቆ ወደ ጋኑ ያወርዳል። ጫፉ ጠጁን ሲነካ፣ ከጋኑ አፍ ትክክል ሸምበቆው ላይ በቢላዋ ይጭራል። ሳምንቱን ብዙ ከተጠጣ ጭረቱ ከፍ ይላል፣ ጥቂት ከተጠጣ ዝቅ ይላል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሣቀችበት፤ ኋላ ግን ለሸሪክነት የሚመጣ ሰው ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ደስ አላት መሰለኝ፣ ሸምበቆውን ራሷ ታጥብለት ጀመር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸምበቆውን ከግድግዳው አውርዶ ጭኑ ላይ ያጋድመውና ያስተምረኛል።

«ከፍታውን አትይ። ዛሬ ስንት ተጠጣ የሚለው ምንም አይነግርሽም። የዛሬውን ከወር በፊት ከነበረው ጋር አስተያዪው። ስንት ጨመረ? ያ ጭማሪስ ካለፈው ጭማሪ ይበልጣል? ቤት ጉልበቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።»

ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩትም። የጾሙን ወራት አለመቁጠሩም አስደሰተኝ፤ በሁዳዴ ማሲንቆም ተሰቅሎ፣ ጋኑም ተደፍቶ ስለሚከርም መለካቱን ትቶ ከረመ። የፋሲካን ሳምንትም ዘለለው። «በፋሲካ ማን የማይጠጣ አለ? ያ የበዓሉ ጉልበት ነው፣ የቤቱ አይደለም» አለኝ። ባሌ እንዲህ ብልህ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መለካቱን ሲቀጥል ጭረቶቹ በጥር ወር ከተጫሩት በልጠው ወደ ላይ ይወጡ ጀመር። አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፣ ጭማሪውም ይጨምራል። በጰራቅሊጦስ ሰሞን የጫረው ከሸምበቆው ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣ። «ይህ ሙላት ነው፣ ዛሬ ያልገባ ነገ አያገኘውም» ይለኛል። ሴትዮዋም ድርሻው ሊያልቅ እንደሆነ ልካበታለች።

ቦራን ከበረቱ ደጅ ቆሞ አየሁት። አባቴ ያለኝ ትዝ አለኝ። ሰኔ መጣ ማለት እርሻ መጣ ማለት ነው፤ ቦራ ከሄደ የጤፉ መሬት የሰው ተራ ሊጠብቅ ነው። ብጮህ እንደማይሰማኝ ስለማውቅ በራሱ ቋንቋ መጣሁበት።

«ጨሞጋን ሙላቱ ሳለ ትገባለህ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«እጠብቃለሁ። ደግሜ አያለሁ።»

«እንግዲያው ጠብቅ፤ ደግመህ እይ። ጥቂት ቅዳሜ ብቻ።»

ሸምበቆውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሸምበቆውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ወጣ። ቦራ ግን በዚያ ሳምንት አልሄደም።

ጰራቅሊጦስ አልፎ የሐዋርያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ባለቤቴ ጠዋት ከእርሻ መጣና እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። እኔም ምኑም ሳይመስለኝ መሶቡን አቀረብኩለት። ሊቆርስ ሲል ሁለታችንም ቀጥ አልን።

«ኧረ በማርያም! ረቡዕ ነው እኮ» አልኩት።

የሐዋርያትን ጾም ቀን በቀን የሚይዘው ቄሱ ነው፤ እኛ ረቡዕና ዓርቡን ነበር የምንጾመው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሠርግ አለ፣ መጠራራት አለ። እጃችን ለምዶት ኖሯል። ባለቤቴ እጁ መሶቡ ላይ እንደቀረ ጣራ ጣራውን አየ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሸምበቆ አየ።

«ሃምሳው ቀን ነው» አለ። «ፋሲካን ዘልዬ ሃምሳውን ረሳሁት።»

እኔ ከት ብዬ ሣቅኩ። እሱ ትንሽ አኮረፈና ኋላ እሱም ሣቀ። ሁላችንም፣ ጎረቤቱም፣ ባለ ጠጅ ቤቷም ጭምር፣ የቀኖቹን ሙቀት የቤቱ ሙቀት አድርገን ቆጥረነው ነበር። በዚያ ቅዳሜና በቀጣዩ የጫረው ጭረት ቁልቁል ወረደ። ባለቤቴም እንደ ልማዱ ደረቅ ብሎ፣ «ወረደ፤ ጭማሪው ቀርቶ ይቀንሳል። ይህ ቤት የሚሞት ቤት ነው፣ ተይው» አለኝ።

ያኔ ነው ነገሩ ያላማረኝ። ሲወጣ የቤቱ ጉልበት ካልነበረ፣ ሲወርድስ የቤቱ ድካም ነው ያለው ማነው? ጾም አለ፣ ዝናብ አለ፣ እርሻ አለ። ጓሮዬ የተከልኩትን ጌሾ ለመሸጥ ገበያ ስወርድ በራሴ ዓይን ልየው ብዬ ጠጅ ቤቱ ገባሁ።

ጋኑ እውነትም ብዙ አልጎደለም። መደቡ ግን ሞልቶ ሰው ቆሟል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆነ፣ እርሻቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሽማግሌ በዚያ ዝናብ ከቁይ ድረስ መጥተዋል። ፊታቸው ያለው ብርሌ አንድ ነው፣ ያም አልተነካም። ማሲንቆው ለጾሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አዝማሪው በአፉ ብቻ ያወራል፣ ዝንብ ሲበር እንኳ ይሰማል።

«ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣዎ አባቴ?» አልኳቸው ሽማግሌውን ቀስ ብዬ።

«ልጄ ዱር ነው። በሕይወት መኖሩን ከዚህ በቀር ከየት እሰማለሁ?» አሉኝ።

ሴትዮዋ ጌሾዬን እያሸተተች ታጉረመርማለች። «ቤቱ ሞልቶ ጋኔ አይጎድል፤ ምን ዓይነት ዘመን ነው» ትላለች። በዚያው ቅጽበት ግን አንዱ ሲወጣ አንድ ቁና ገብስ፣ ሌላው አንድ ቅል ቅቤ በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ። የቤቱ ጉልበት የት እንዳለ ያኔ አየሁት። ባለቤቴ የለካው ጠጁን ነው፤ ቤቱ የሚሸጠው ግን ወሬ ነበር። ጠጁ ወርዶ ሰሚው አልወረደም፤ እንዲያውም የእርሻ ሰው በሬውን ፈትቶ በጭቃ መምጣቱ እየባሰ ነበር።

«እትዬ፣ የማስገባው በሬ የለኝም፣ ጌሾ ግን አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ጌሾ ላስገባና ድርሻ ይስጡኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ለጌሾ የሚደርስሽ ጥቂት ነው።»

«ጥቂት ይበቃኛል።»

«በይ እሺ። ሸሪክ ከሆንሽ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የኔ ሸሪክ ወሬ ቀድሞ ይሰማል።» አዝማሪውን በአገጯ ጠቆመችው፤ እሱም ቤታችን የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው፣ «የሚሞት ቤት ውስጥ ገባሽ» ብሎ ሣቀብኝ። «ጌሾዬን ነው እንጂ በሬህን አላስገባሁ» አልኩት። ቦራን በሬህ ማለቴን ሰምቶ ደስ አለው። እኔም አላረምኩትም፤ በሬው በረት ውስጥ እስካለ ድረስ የማንም ይሁን።

ሐምሌ ገባ። ለጤፍ የመጨረሻውን እርሻ ለማረስ በሬዎቹን የጠመድንበት ጠዋት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን በለምዱ ሥር ሸፍኖ፣ ከሉማሜ በኩል በጭቃ እየተንሸራተተ መጣ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «እመቤቴ፣ ዛሬ ጣልያኖቹ ለምሽጉ ሥጋ ሊሰበስቡ ወደዚህ ይወጣሉ። ቦራ ነው ሻሽ ነው ብለው አይመርጡም፣ በሬ ያለው በሬውን ያሽሽ» አለን። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ሌላው ሸሪክ አለፈ። እኛ ለጎረቤቶቻችን ጮኸን ነገርን፤ እነሱ ከብቶቻቸውን ወደ ጫካው ነዱ። የኛ መሬት ከጨሞጋ አፋፍ ላይ ስለነበር ለኛ የቀረበው ወንዙ ነው። ቀንበሩን አውልቀን ቁልቁል ነዳናቸው። ባለቤቴ ከቤት ሲወጣ በትር ፈልጎ ያገኘው ያን ሸምበቆ ነበር።

መልካው ደረስን። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ቀይ ሆኖ ይጎማለላል፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ባለቤቴ ሸምበቆውን ዳር ላይ ተከለና ተቀመጠ። ተቀመጠ ነው የምላችሁ! ቆሎውን አወጣ።

«አብደሃል? ሊደርሱብን ነው እኮ!»

«ከፍታውን አትይ» አለኝ።

ውሃው የጥር ወሩን ጭረቶች ቶሎ ቶሎ ዋጣቸው። ከዚያ የሚቀጥለውን ለመድረስ ትንሽ ቆየ። የሚቀጥለውን ለመድረስ ከዚያም በላይ ቆየ። እኔ የማየው የሚያስፈራ ውሃ ነው፤ እሱ የሚያየው የሚደክም ውሃ ነበር። የጰራቅሊጦሱ ጭረት፣ ያ ቦራን ሊያስወስድብን የነበረው ከፍተኛው ጭረት ሥር ደርሶ ቆመ። ቆመና እርጥብ መስመር ትቶ ጥቂት ዝቅ አለ። ባለቤቴ እንዳልተነሣ አየሁት፤ ደግሞ እስኪያይ ጠበቀ። ከአፋፉ በላይ የሰው ድምፅ ሲሰማኝ እጁን ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። ውሃው አሁንም ዝቅ አለ። ቆሎውን ቋጠረ።

«አሁን» አለኝ። «ጭራውን አጥብቀሽ ያዢ።»

እሱ የሱን በሬ ጭራ፣ እኔ የቦራን ጭራ ይዘን ገባን። መሃሉ ላይ እግሬ መሬት ለቀቀ። ቦራ አንገቱን አውጥቶ እያናፋ ቀዘፈ፤ እኔ እንደ ጨርቅ ተከተልኩት። በዚያች ጊዜ ቦራን እንደወደድኩት በሕይወቴ ማንንም ወድጄ አላውቅም፤ ባሌንም ጨምሮ ማለቴ ነው። ማዶ ስንወጣ ቁጥቋጦ ሥር ተጋደምን፤ ባለቤቴ አፉን በእጁ አፍኖ ይሥቅ ነበር፣ እኔ አለቅስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መልካው ላይ ደረሱ። አንድ ጣልያንና ጥቂት መሣሪያ የያዙ አገልጋዮቹ ነበሩ። በጭቃው ላይ የበሬዎቹን ዱካ አዩት። ውሃውንም አዩት። ጣልያኑ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ ሸምበቆውን ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ትንሽ ቢጠብቁ ውሃው እንደሚያሻግራቸው ባለቤቴ ያውቅ ስለነበር ትንፋሹን ይዞ ይቆጥር ነበር። እነሱ ግን ከፍታውን ብቻ አይተው ተመለሱ።

ጤፋችንን በወቅቱ ዘራን። የማንንም ተራ አልጠበቅንም። መስቀል ሲደርስ ባልና ሚስት ሆነን ጠጅ ቤቱ ሄድን። ባለ ጠጅ ቤቷ ለጌሾ የሚደርሰውን ድርሻ፣ አንድ ትንሽ ቅል ጠጅ፣ ይዛ መጣችና እፍር እያለች ሰጠችኝ።

«እንግዲህ ነግሬሽ ነበር፣ ጥቂት ነው» አለችኝ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ ባለቤቴ ቀደመኝ። ዓይኑ ቦራ ወዳለበት ወደ ሰፈራችን አቅጣጫ ነበር።

«እትዬ፣ የኛ ድርሻማ ሐምሌ ላይ ደርሶናል» አላት።